ዲዱፕ ማከማቻ ላይ ሠላሳ ፉል ሠላሳ ቅጂ አይደለም፦ «ኢንክሪሜንታል አብቅቶለታል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ኢንክሪሜንታል አብቅቶለታል» የሚለው ጽሑፍ ዲዱፕሊኬሽን (በአጭሩ ዲዱፕ፦ ተመሳሳይ ዳታን አንድ ጊዜ ብቻ ማስቀመጥ) ያለው የባክአፕ ማከማቻ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ በየቀኑ ፉል (ሙሉ ባክአፕ) ውሰዱ፣ ኢንክሪሜንታልን (የተለወጠውን ብቻ የሚወስደውን) እርሱት። ጸሐፊው ለዚህ የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሰባት ናቸው። በየቀኑ ፉል መውሰድ ምንም ወጪ የለውም ይላሉ። የቁጠባው ሬሾ በፉል ከፍ ይላል፣ የሠላሳ ቀን ፉል ሠላሳ ራሱን የቻለ ቅጂ ነው፣ ዲስክ ሲሞላ አሮጌ ፉል መሰረዝ በቂ ነው፣ ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ ዳታው ከመላኩ በፊት ኮምፕረስና ኢንክሪፕት ቢደረግ ይመረጣል፣ ፉል አንድ ወጥ ስለሆነ ቶሎ ሪስቶር ይሆናል (ወደ ቦታው ይመለሳል) ይላሉ።

ከሰባቱ ውስጥ ሁለቱ ግማሽ እውነት አላቸው። ሦስተኛው ግን አደገኛ ነው፤ ሰው ቅጂ አለኝ ብሎ ተማምኖ አንድም ሳይኖረው እንዲቀር ያደርጋል። ምላሹን ለመጻፍ ያነሳሳንም እሱ ነው።

ነጥቦቹን ከማንሳታችን በፊት ዲዱፕ ማከማቻ ዳታ ሲቀበል የሚያደርገውን እናስቀምጥ። የሚመጣው ዳታ በቁራጭ በቁራጭ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አሻራ፣ ማለትም ከይዘቱ የሚወጣ መለያ፣ ይሰላል፤ ሬስቲክም ሆነ ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የተባሉት የባክአፕ ሶፍትዌሮች የሚጠቀሙት ሻ-256 የሚባለውን ስሌት ነው፤ አሻራው 32 ባይት ይሆናል። ያ አሻራ ማውጫው ውስጥ ካለ ቁራጩ ዳግም አይጻፍም፤ ከሌለ ኮምፕረስ ይደረግና፣ ከተፈለገም ኢንክሪፕት ይደረግና ይጻፋል። ባክአፑ ራሱ የአሻራ ዝርዝር ነው፦ ይህ ፋይል ከዚህ፣ ከዚህና ከዚህ ቁራጭ ይገጣጠማል የሚል። የሰኞ ዝርዝር ሙሉ ነው፣ የማክሰኞም ሙሉ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይንጠለጠልም። ሁለቱም የሚጠቁሙት ግን ወደ አንድ የጋራ የቁራጭ ክምር ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ማከማቻ «ፉል» እና «ኢንክሪሜንታል» የሚሉት ስሞች ዳታው ከምንጩ እንዴት እንደተነበበ ይነግሩናል እንጂ እንዴት እንደተቀመጠ አይነግሩንም። ፉል ማለት ምንጩ ከዳር እስከ ዳር ተነበበ ማለት ነው። ኢንክሪሜንታል ማለት የተለወጠው ብቻ ተነበበ፣ ያልተለወጠው ከቀደመው ዝርዝር ተገለበጠ ማለት ነው። ምንጩ አንድ ከሆነና የለውጥ ክትትሉ ካልተሳሳተ ሁለቱም መንገዶች ክምሩ ላይ የሚጨምሩት ያንኑ ነው። የጽሑፉ ስህተቶች ከሞላ ጎደል የሚመነጩት ይህን ካለመለየት ነው።

«ዲዱፕ ካለ በየቀኑ ፉል መውሰድ ምንም ወጪ የለውም»

የዲስክ ቦታ ወጪ የለውም ቢሉ ትክክል ነበሩ። ምንም ወጪ የለውም ማለት ግን ሌላ ነው። 2 ቴራባይት የያዘ ሰርቨር በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ከሚያነብ ዲስክ ሲነበብ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዲስኩን የሚጋሩት አፕሊኬሽኖች ሁሉ ይንፏቀቃሉ። ዲዱፑ የሚሠራው በማከማቻው በኩል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት ኔትወርኩን አቋርጦ ደርሶ ነው «አለኝ» ተብሎ የሚጣለው። 1 ጊጋቢት መስመር ላይ በተግባር በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ያህል ስለሚገኝ፣ ያው 2 ቴራባይት 5 ሰዓት መስመሩን ይይዛል። የተለወጠው 40 ጊጋባይት ብቻ ቢሆንም ማለት ነው።

ዲዱፑ በምንጩ በኩል ሲሠራ ነገሩ ይቀላል። ቁራጩ በአማካይ 2 ሜጋባይት ከሆነ 2 ቴራባይት 1 ሚሊዮን ቁራጭ ይሆናል፤ አሻራዎቹ ተደምረው 32 ሜጋባይት ናቸው። ኔትወርኩ ተረፈ። ንባቡና የአሻራው ስሌት ግን በምንጩ ሲፒዩ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ኢንክሪሜንታል የሚያስቀረው ይህንን ነው። ቦርግ የተባለው የባክአፕ ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ፋይል መጠን፣ የአይኖድ ቁጥር (ፋይል ሲስተሙ ለፋይሉ የሰጠውን መለያ) እና ሲታይም (ፋይሉ ወይም መረጃው የተለወጠበትን ሰዓት) ካለፈው ጋር ያነጻጽራል፤ አንድ ከሆኑ ፋይሉን ሳይከፍት የቀደመውን የአሻራ ዝርዝር ይወስዳል። ሬስቲክም የቀደመውን ስናፕሾት (የአንድ ጊዜ ባክአፕ) መነሻ አድርጎ ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። ፕሮክስሞክስ ላይ የቨርቹዋል ማሽኑን የተነኩ ብሎኮች የሚመዘግብ ቢትማፕ አለ። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሲነሣ ቢትማፑ ስለሚጠፋ የሚቀጥለው ባክአፕ ዲስኩን በሙሉ ያነባል፤ የሚልከው ግን አሁንም የተለወጠውን ብቻ ነው። «ኢንክሪሜንታሉ ዛሬ ለምን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ማሽኑ ጠፍቶ እንደነበር ነው።

ጸሐፊው ግማሽ እውነት ካላቸው ቦታዎች አንዱም ይህ ነው። የለውጥ ክትትል ይሳሳታል። ቪኤምዌር በ2014 ይፋ ያደረገውን ስህተት ብናነሣ፣ ሲቢቲ (የተለወጡ ብሎኮችን መከታተያ) የተከፈተለት ቨርቹዋል ዲስክ መጠኑ ተጨምሮ የ128 ጊጋባይትን ድንበር ሲሻገር የተለወጡት ቦታዎች ዝርዝር የተሳሳተ ሊሆን ይችል ነበር፤ በዚያ ዝርዝር የተሠራ ኢንክሪሜንታል «ተሳክቷል» እያለ የተበላሸ ዲስክ ያስቀምጣል። ዳታን ኢንክሪፕት የሚያደርገው ቬራክሪፕትም ዳታውን የሚይዝበትን የኮንቴይነር ፋይል የለውጥ ሰዓት በነባሪው ቅንብር ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ መጠኑም አይለወጥም። ዊንዶውስ ላይ ሰዓትና መጠን ብቻ የሚያይ ባክአፕ ያን ፋይል ዓመት ሙሉ ሊዘለው ይችላል። ስለዚህ ምንጩን በየጊዜው ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ያስፈልጋል። ሬስቲክ ላይ ፎርስ የሚለው አማራጭ፣ ቦርግ ላይ የፋይል ካሹን መዝጋት፣ ቪኤምዌር ላይ ሲቢቲን አጥፍቶ እንደገና መክፈት ይህንኑ ያደርጋሉ። በወር አንዴ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ይበቃል። በየቀኑ የሚሆንበት ምክንያት አይታየንም።

አንድ ልዩነት እዚህ ላይ መያዝ አለበት። ከላይ ያልነው ሁሉ ባክአፕ ሶፍትዌሩ ራሱ ዲዱፕ ሲሠራ ነው። በቀድሞው ዘዴ የሚሠራ ሶፍትዌር ፉልና ኢንክሪሜንታል ፋይሎቹን ዲዱፕ በሚያደርግ የማከማቻ ዕቃ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ዕቃው ከታች ቁራጮቹን ቢያጋራም ሶፍትዌሩ ከላይ የሚያየው ያንኑ የድሮ ሰንሰለት ነው። የእሑዱ ፉል ፋይል ከጠፋ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት ኢንክሪሜንታሎች አይነበቡም። ለእንዲህ ዓይነቱ አሠራር ሰንሰለቱን ማሳጠር ተገቢ ነው፤ መንገዱ ግን ምንጩን ደግሞ ማንበብ ሳይሆን ሲንተቲክ ፉል ነው። ዕቃው ከሶፍትዌሩ ጋር ከተግባባ አዲሱን ፉል ካሉት ቁራጮች በመጠቆም ብቻ ይገጣጥመዋል፤ ከምንጩ አንድም ባይት አይነበብም።

«በየቀኑ ፉል ስንወስድ 18 ለ1 እናገኛለን፤ በኢንክሪሜንታል ግን 3 ለ1 ብቻ»

ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፤ የተሰጣቸው ትርጉም ግን ስህተት ነው። ራሳቸው ጸሐፊው የያዙትን ምሳሌ እንውሰድ፦ 1 ቴራባይት ዳታ፣ በቀን 2 ከመቶ ለውጥ፣ 28 ቀን የሚቆይ ባክአፕ። በየቀኑ ፉል ከተወሰደ ወደ ማከማቻው የተላከው 28,000 ጊጋባይት ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ቀን 1,000 ጊጋባይትና የ27 ቀን ለውጥ 540 ጊጋባይት፣ በድምሩ 1,540 ነው። 28,000 ለ1,540 ሲካፈል 18.2 ይመጣል።

አሁን ሳምንታዊ ፉልና በቀሪዎቹ ቀናት ኢንክሪሜንታል እናድርገው። የተላከው 4 ፉል፣ 4,000 ጊጋባይት፣ ሲደመር 24 ኢንክሪሜንታል፣ 480 ጊጋባይት፣ በድምሩ 4,480 ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው? ያው 1,540። ሬሾው 2.9 ይሆናል።

ዲስኩ ላይ አንዲት ባይት አልተለወጠችም። የተለወጠው ተካፋዩ ነው፤ ከባዱን ጭነት ስላበዛነው ሬሾው አበጠ። ማከማቻ የሚገዛ ሰው «20 ለ1» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ መጠየቅ ያለበት ስንት ፉል ተልኮ እንደተለካ ነው። መከታተል የሚገባው ቁጥር ሬሾ ሳይሆን በየቀኑ አዲስ የተጻፈው ጊጋባይት ነው። ያ ቁጥር 20 ሆኖ ሰንብቶ በድንገት 400 ካለ አንድ ነገር ተፈጥሯል፦ ዳታቤዙ ኮምፕረስ ተደርጎ መውጣት ጀምሯል፣ ዲስክ ዲፍራግመንት ተደርጓል፣ አለዚያም ፋይሎቹን ራንሰምዌር እየቆለፋቸው ነው። ሦስተኛው ከሆነ ቁጥሩን በዚያው ጠዋት ማየትና በሳምንቱ ማየት ትልቅ ልዩነት አለው።

«ሠላሳ ፉል ሠላሳ ራሱን የቻለ ቅጂ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሃያ ዘጠኙ አሉ»

ይህ እምነት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዲዱፕ ማከማቻ ውስጥ ሠላሳው ፉል ያላቸው የእያንዳንዱ ቁራጭ ቅጂ አንድ ብቻ ነው። የአንድ ቴራባይት ሰርቨር አብዛኛው ዳታ በወር ውስጥ ስለማይለወጥ፣ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው ቁራጭ በሠላሳውም ቀን ዝርዝር ውስጥ አለ። እሱ ከተበላሸ ፋይሉ ከሠላሳውም ባክአፕ አይወጣም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚሆነው ነው፤ ረጋ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ቀን የተጻፈ አንድ ቁራጭ አለ እንበል። በአሥረኛው ቀን ዲስኩ ላይ ያለችው የዚያ ቁራጭ ሴክተር ተበላሸች። ማንም አላነበባትምና ማንም አላወቀም። በአሥራ አንደኛው ቀን ፉል ይወሰዳል፤ ምንጩ ላይ ያለው ፋይል ደኅና ነው፤ ይነበባል፤ ቁራጩ ይወጣል፤ አሻራው ይሰላል። ማከማቻው ማውጫውን ይጠይቃል፣ ማውጫውም «አለ» ይላል። ማውጫው የሚያውቀው አሻራው መመዝገቡን ብቻ ነው፤ ቁራጩን ከዲስክ አንብቦ አላጣራም። ስለዚህ ደኅናው ቁራጭ ከምንጩ በእጅ ላይ እያለ ይጣላል፣ አዲሱ ፉልም ወደተበላሸው ይጠቁማል፣ ሥራውም «ተሳክቷል» ብሎ ያበቃል። አሥራ ሁለተኛው ቀን እንዲሁ። ሠላሳኛው ቀን እንዲሁ። ፉል ማብዛት የተበላሸውን ቁራጭ አያድነውም፤ እንዲያውም በእሱ ላይ የሚተማመኑትን ዝርዝሮች ያበዛቸዋል።

መድኃኒቱ ክምሩን ራሱን ማንበብ ነው። ሬስቲክ ላይ ቼክ የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አወቃቀሩን እንጂ ቁራጮቹን አያነብም፤ ሪድ ዳታ የሚለው አማራጭ መጨመር አለበት። ማከማቻው ትልቅ ከሆነ ሪድ ዳታ ሰብሴት በሚለው አማራጭ ከፋፍሎ ማንበብ ይቻላል፦ ሰኞ 1/7፣ ማክሰኞ 2/7 እየተባለ በሳምንት ሁሉም ይነበባል። ቦርግ ላይ ቼክ ከቬሪፋይ ዳታ ጋር ነው። ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የቬሪፋይ ሥራ አለው፤ በነባሪው አንዴ ያጣራውን ስናፕሾት ከ30 ቀን በኋላ መልሶ ያጣራዋል።

ብልሽት ከተገኘ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የተበላሸው ቁራጭ ከማውጫው መውጣት አለበት፤ እስካልወጣ ድረስ ምንም ባክአፕ ቢወሰድ አይተካም። ሬስቲክ ላይ ቼክ የጠቆመውን የተበላሸ ፓክ (ብዙ ቁራጮች አንድ ላይ የተቀመጡበትን ፋይል) በሪፔር ፓክስ ማጽዳት፣ ቀጥሎ ባክአፑን በፎርስ ምንጩን በሙሉ እያነበቡ መውሰድ ነው። ምንጩ ላይ ያ ፋይል ሳይለወጥ ካለ ቁራጩ እንደገና ይጻፋል፣ አሻራው ያው ስለሆነም የቆዩት ስናፕሾቶች በሙሉ አብረው ይድናሉ። ሪፔር ስናፕሾትስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱ ያልተገኙትን ቁራጮች ከዝርዝሩ ስለሚቆርጥ አስቀድሞ ከተሠራ መዳን የሚችለው ይቀራል። ፕሮክስሞክስ ላይ ቬሪፋይ የተበላሸውን ቁራጭ ስሙን ለውጦ ወደ ጎን ያደርገዋል፤ ቀጣዩ ባክአፕ ያን ቁራጭ ከምንጩ ካገኘው መልሶ ይጽፈዋል። እንግዲህ ፉል ንባብ በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ ይህ ነው፦ ምርመራው ተሠርቶ፣ የተበላሸው ከወጣ በኋላ።

ሁለተኛ ቅጂ የሚባለው ደግሞ በሌላ ማሽን ላይ ያለ ሌላ ማከማቻ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ማከማቻ በአርሲንክ (ፋይሎችን እንዳሉ በሚገለብጥ መሣሪያ) እየገለበጡ ሁለተኛ አለኝ ማለት አይበቃም፤ ብልሽቱም ስረዛውም ተገልብጦ ይሄዳል። ሬስቲክ ኮፒ የሚለው ትእዛዝ ቁራጮቹን ከፍቶ ወደ ሁለተኛው ስለሚጽፍ የተበላሸውን እዚያው ይይዘዋል። ሁለተኛው ማከማቻ ሲፈጠር የመጀመሪያውን የአቆራረጥ ቅንብር እንዲወርስ ኮፒ ቸንከር ፓራምስ የሚለውን አማራጭ መስጠት መዘንጋት የለበትም። ሬስቲክ ለእያንዳንዱ ማከማቻ የተለየ የአቆራረጥ ቀመር በዘፈቀደ ስለሚመርጥ፣ ይህ ካልተደረገ ከምንጩ በቀጥታ የሚመጣውና በኮፒ የሚመጣው ዳታ ቁራጮች አይገናኙም፤ ዳታው ሁለት ጊዜ ይቀመጣል።

ሜሞሪም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። አሻራው ከመሰላቱ በፊት ራም ላይ አንድ ቢት ከተገለበጠ፣ አሻራው የሚሰላው በተበላሸው ዳታ ላይ ስለሆነ ምንም ምርመራ አይይዘውም። ባክአፕ የሚሠራ ማሽን ላይ ኢሲሲ ራም (የተገለበጠ ቢት የሚያርም ሜሞሪ) እንዲሆን አጥብቀን የምንመክረው ለዚህ ነው።

«ዲስክ ሲሞላ የቆየውን ፉል መሰረዝ ነው፤ አንድ ቴራ ከተሰረዘ አንድ ቴራ ይለቀቃል»

ከላይ ባለው ምሳሌ የመጀመሪያው ቀን ፉል ቢሰረዝ የሚለቀቀው ቢበዛ 20 ጊጋባይት ነው፤ በሁለተኛው ቀን የተተኩት ቁራጮች ብቻ። ቀሪው 980 ጊጋባይት በሌሎቹ ዝርዝሮች ተይዟል። በአንጻሩ «የመጀመሪያው ፉል መሠረት ስለሆነ አይነካም» የሚለው ፍርሃትም ቦታ የለውም፤ መሠረት የሚባል ባክአፕ የለም፤ የትኛውም ቀን ቢሰረዝ ሌሎቹ ሙሉ ናቸው።

ቦርግ ለእያንዳንዱ ባክአፕ የሚያሳየው «ዲዱፕ የተደረገ መጠን» ያ ባክአፕ ብቻውን የያዘውን ነው። ሁለት ባክአፖች ብቻ የሚጋሩት ቁራጭ በሁለቱም ቁጥር ውስጥ አይታይም፤ ሁለቱ አብረው ሲሰረዙ ግን ይለቀቃል። ስለዚህ የአሥር ባክአፖችን ቁጥር ደምሮ «ይህን ያህል አገኛለሁ» ማለት ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል።

ስረዛም ወዲያው ቦታ አይሰጥም። ቦርግ ከ1.2 ጀምሮ ቦታው የሚመለሰው ኮምፓክት ሲታዘዝ ነው። ሬስቲክ ላይ ፎርጌት ስናፕሾቱን ብቻ ያነሣል፤ ቁራጮቹን የሚያነሣው ፕሩን ነው፣ እሱም በነባሪው ጥቅም ላይ ያልዋለ እስከ 5 ከመቶ ቦታ ይተዋል። ፕሮክስሞክስ ላይ የቆሻሻ አሰባሰቡ መጀመሪያ የሚፈለጉትን ቁራጮች ሁሉ የመነበብ ሰዓት ያድሳል፣ ከዚያ ከ24 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ያልታደሰውን ያነሣል፤ ዛሬ ጠዋት የተሰረዘ ዛሬ ማታ ላይለቀቅ ይችላል። ዲስኩን 99 ከመቶ ካደረሱ በኋላ መሰረዝ የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከውስጣቸው ከፊሉ ብቻ የሚፈለግ ፓኮችን ለማጠጋጋት መልሶ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ለመጻፍ ደግሞ ቦታ። ቦርግ ላይ አዲሽናል ፍሪ ስፔስ የሚለውን ቅንብር 2 ጊጋባይት አድርጎ አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል። ማንቂያውን 80 ከመቶ ላይ ያድርጉት።

«ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል»

ለዳታቤዝ እውነት ነው፣ ለሌላው ግን ዋጋ ያስከፍላል። 10 ቴራባይት በ8 ኪሎባይት ቁራጭ ሲከፈል 1.34 ቢሊዮን ቁራጭ ይሆናል። ለእያንዳንዱ 32 ባይት አሻራና 8 ባይት አድራሻ ቢያዝ ማውጫው ብቻ ከ50 ጊጋባይት በላይ ነው። ያ ራም ውስጥ ካልገባ እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ዲስክ ይወርዳል፣ ባክአፑም ይቆማል። የዲዱፕ ማከማቻ አምራቹ የዳታ ዶሜይን መሐንዲሶች በ2008 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ የሰጡት መልስ ብሉም ፊልተር (አንድ አሻራ አለመኖሩን ዲስክ ሳይነካ የሚናገር ማጣሪያ) እና አብረው የተጻፉ አሻራዎችን አብሮ ወደ ራም ማምጣት ነበር፤ ከዲስክ ጥያቄዎቹ 99 ከመቶውን አስቀርተዋል። ይህ ያልተሠራለት ሶፍትዌር ላይ 8 ኪሎባይት መምረጥ አያዋጣም። ያው 10 ቴራባይት በ2 ሜጋባይት ቁራጭ 5.2 ሚሊዮን ቁራጭ ነው፤ ማውጫው 210 ሜጋባይት።

ትልቅ ቁራጭ የሚጎዳበትን ደግሞ እንመልከት። 100 ጊጋባይት ዳታቤዝ አለ፣ ገጹ (ዳታቤዙ በአንድ ጊዜ የሚያነበውና የሚጽፈው አሃድ) 8 ኪሎባይት ነው። በቀን 10,000 ገጾች እዚህም እዚያም ተበታትነው ተለወጡ፤ እውነተኛው ለውጥ 80 ሜጋባይት ገደማ ነው። ቁራጩ 4 ሜጋባይት ከሆነ በጠቅላላው 25,600 ቁራጭ አለ፤ 10,000 ገጾች በዘፈቀደ ሲወድቁባቸው 8,300 የሚጠጉት ይነካሉ፤ አዲስ የሚጻፈው፣ ኮምፕረሽኑን ሳንቆጥር፣ 32 ጊጋባይት ይሆናል። በ64 ኪሎባይት ቁራጭ ግን 620 ሜጋባይት ያህል ነው። የዳታቤዙ ባክአፕ ከሚጠበቀው በላይ ቦታ ሲበላ «ዲዱፑ አይሠራም» ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የገጠማቸው ይህ ነው። ፉል ሆነ ኢንክሪሜንታል አይለውጠውም። ሙሉውን የዳታ ፋይል በየቀኑ ከመላክ የዳታቤዙን የለውጥ መዝገብ፣ ለምሳሌ የፖስትግሬስን ዋል፣ መያዝና ሙሉውን በሳምንት አንዴ መውሰድ ይረዳል።

የመቁረጫው ዓይነትም ከመጠኑ ያላነሰ ነገር ነው። በቋሚ 64 ኪሎባይት የሚቆረጥ የ1 ጊጋባይት ፋይል መጀመሪያ ላይ አንድ ባይት ቢጨመር 16,384ቱም ቁራጮች ይንሸራተታሉ፤ አንድም አሻራ አይገጥምም። በይዘት የሚቆርጡት፣ ማለትም ትንሽ መስኮት በዳታው ላይ እያንሸራተቱ ስሌቱ የተወሰነ ዋጋ ሲሰጥ ድንበር የሚያደርጉት፣ ከአንድ ወይም ሁለት ቁራጭ በኋላ ወደ ቀድሞው ድንበር ይመለሳሉ። ለፋይል ይህኛው ነው የሚሆነው። ቨርቹዋል ዲስክ ግን ውስጡ ስለማይንሸራተት ቋሚው ይበቃል፤ ፕሮክስሞክስ ለማሽኖች ቋሚ 4 ሜጋባይት፣ ለፋይሎች በይዘት የሚቆረጥ የሚጠቀመው ለዚህ ነው።

«ከመላኩ በፊት ኮምፕረስና ኢንክሪፕት አድርጉ»

ይህ ምክር ዲዱፑን ይገድለዋል። ጂዚፕ ፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ለውጥ ካገኘ ከዚያ ቦታ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ይለያል። ኢንክሪፕሽን ደግሞ በየጊዜው አዲስ የዘፈቀደ መነሻ ስለሚጠቀም ያልተለወጠ ፋይል እንኳ ከትናንቱ ጋር አንድ ቁራጭ አይጋራም። የ1 ቴራባይቱ ሰርቨር፣ ኮምፕረሽኑን ሳንቆጥር፣ በ28 ቀን 28 ቴራባይት ይሞላል፤ ፉል በየቀኑ ለሚወስድ ሰው ከዚህ የከፋ ጥምረት የለም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎ አሻራ፣ ከዚያ ኮምፕረስ፣ በመጨረሻ ኢንክሪፕት ነው፤ ቦርግም ሬስቲክም በምንጩ ማሽን ላይ በዚህ ተራ ስለሚሠሩ ኔትወርኩም ምስጢሩም ይጠበቃል። የፖስትግሬስን ዳታ ወደ ፋይል የሚያወጣው ፒጂ ደምፕ በከስተም ፎርማት ሲያወጣ ሳይጠየቅ ኮምፕረስ ያደርጋልና ኮምፕረስ የሚለውን 0 ማድረግ ያስፈልጋል። ጂዚፕን የግድ መጠቀም ካለ አርሲንከብል የሚለው አማራጭ ጉዳቱን ይቀንሳል። ወደ ቴፕ ሲጻፍ ይጠቅም የነበረው መልቲፕሌክሲንግ፣ የብዙ ሰርቨሮችን ዳታ በአንድ ጅረት ማሰባጠሩ፣ ዲዱፕ ማከማቻ ላይ መዘጋት አለበት፤ ስብጥሩ በየቀኑ ስለሚለያይ ቁራጮቹ አይገጥሙም።

«ፉል አንድ ወጥ ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል»

ዲዱፕ ማከማቻ ላይ ዛሬ የተወሰደ ፉል አንድ ወጥ አይደለም። ከፊሉ ከወር በፊት በተጻፈ ፓክ ውስጥ ነው፣ ከፊሉ ባለፈው ሳምንት፣ ከፊሉ ትናንት። ዲስኩ ላይ ተከታትሎ የተቀመጠው የመጀመሪያው ቀን ባክአፕ ነው፤ አዲሱ፣ ማለትም ሰው በችግር ቀን የሚፈልገው፣ ከሁሉም ይበልጥ የተበታተነው ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ጭንቅላቱን አንድ ቦታ ለማድረስ 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። እያንዳንዱ 8 ኪሎባይት ቁራጭ የራሱን ጉዞ ቢጠይቅ በሴኮንድ 800 ኪሎባይት ነው፤ 1 ቴራባይት ከ14 ቀን በላይ ይፈጃል። ይህ የመጨረሻው መጥፎ ስሌት ነው፤ በተግባር ቁራጮች በቡድን ስለሚነበቡ ይሻላል። በ2 ሜጋባይት ቁራጭ ግን ያው ዲስክ በሴኮንድ 85 ሜጋባይት ገደማ ይሰጣል፣ ሥራውም በ3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ያልቃል። ትንሽ ቁራጭን ለመረጠ ሰው ይህም ከዋጋው ውስጥ የሚቆጠር ነው።

የሪስቶር ጊዜ በስሌት አይታመንም፤ ይለካል። አንድ ፋይል አውጥቶ «ሠራ» ማለት ስለ ፍጥነት ምንም አይነግርም። ትልቁን ማሽን ከመጨረሻው ስናፕሾት ሙሉ በሙሉ ወደ ባዶ ዲስክ ይመልሱ፤ የፈጀውን ሰዓት ይመዝግቡ፤ በሦስት ወሩ ያንኑ ማሽን እንደገና ይመልሱና ያስተያዩ። ሰዓቱ እየረዘመ ከሄደ ክምሩ እየተበታተነ ነው፤ የሚያቆዩትን የስናፕሾት ብዛት ቀንሶ ኮምፓክት ማድረግ ወይም ማከማቻውን ወደ ኤስኤስዲ ማዛወር ያስፈልጋል። ዳታው ሲመለስ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአሻራው ጋር ስለሚመሳከር፣ በዚያው ልክ የተበላሸ ቁራጭ ካለ የሚታወቀው በዚሁ ሙከራ ቀን ነው።